ከፈተናው በኋላ ትሄዳለህ

ቦንግ ቾንግሱ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ የጌጥ ወረቀት ሲለጥፍ ኖሮ፣ ጉልበቱ መሰላል አልወጣ ሲለው በታዳጊ ወንዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት የሙያ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ወሬውን ሲነግራት ሚስቱ ሽንኩርት ከመክተፍ ቀና ብላ፣ «የራሳችንን ሳናሳድግ የሰው ልጅ ልታሳድግ ነዋ» አለችው። ቀልዷን ነበር። እሱም ሳቀ።

ወርክሾፑ በግቢው ጫፍ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። ውስጡ ስድስት የእንጨት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ሦስት ግድግዳ፣ አንድ መስኮትና ጣሪያ ያላቸው፣ አራተኛው ጎናቸው ክፍት የሆነ፣ ማንም የማይኖርባቸው ክፍሎች። ልጆቹ ጠዋት ወረቀት ይለጥፉባቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይልጡታል፣ በማግስቱ እንደገና ይለጥፋሉ። ቢላዎቹ ተቆጥረው ይወጣሉ፣ ተቆጥረው ይገባሉ። የምላጭ ስባሪ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ከበሩ የሚወጣ ሰው የለም። ቦንግ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንዲት የጥፍር ቁራጭ የምታክል ስባሪ ጠፍታ እስከ እራት ድረስ ሁሉም በጉልበታቸው ሲድሁ አመሹ። የተገኘችው በቦንግ በራሱ ጫማ ሥር ተሰክታ ነው። ዱጂን የሚባለው ቀልደኛ ልጅ፣ «መምህር ላይ ስንት ወር ይፈርዱ ይሆን?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ፒዮ ሃንሶል የመጣው በኅዳር ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በተሰረቀ ሞተር ብስክሌት ሲበር፣ ካርቶን በጋሪ የሚሰበስብ ሽማግሌ ገጭቶ እግራቸውን ሰብሯቸዋል። አብረውት የነበሩት ልጆች ሮጡ። እሱ ግን ሽማግሌውን ደግፎ አምቡላንስ እስኪመጣ ተቀመጠ፤ የተያዘውም በዚህ ነው። ዱጂን ይህን ሲሰማ፣ «አይ ጅል፣ ከተቀመጥክ አይቀር ካርቶኑን ብትሸጥላቸው ይሻል ነበር» አለው። ሃንሶል አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ብሩሹን አንስቶ ሙጫውን ማማሰል ቀጠለ።

ቦንግ ብዙ እጅ አይቷል። በአንድ ወር ውስጥ የዚህ ልጅ እጅ ሌላ እንደሆነ ገባው። ሌሎቹ ወረቀቱን እንደ ጠላት ይታገሉታል፤ ይጎትቱታል፣ ይሰድቡታል፣ ጥግ ላይ ሲደርሱ ይቀድዱታል። ሃንሶል መጀመሪያ ቱንቢውን ይሰቅላል፤ ክሩ መወዛወዙን እስኪያቆም ይጠብቃል። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ ያስይዝና በብሩሹ ከመሀል ወደ ጎን፣ ከመሀል ወደ ጎን፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ያወርደዋል። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ለማግኘት ቦንግ ራሱ በጥፍሩ መፈለግ ነበረበት።

አይናገርም እንጂ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው።

«መምህር፣ ሻጋታ ያለበት ግድግዳ ላይ ወረቀት ይይዛል?»

«አይይዝም። መጀመሪያ አሮጌውን መላጥ ነው፣ በበረኪና ማጠብ ነው፣ ከዚያ ማድረቅ።»

«ስንት ቀን?»

«እንደ ቤቱ ነው። ፀሐይ የሚገባው ከሆነ አንድ ቀን።»

«ፀሐይ የማይገባው ከሆነስ?»

ቦንግ ብሩሹን አስቀምጦ አየው። «የማን ቤት ነው?»

«የአባቴ» አለ ሃንሶል። «ግማሹ ከመሬት በታች ነው። በመስኮቱ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ክረምት ሲሆን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይጠቁራል። አባዬ ማታ ማታ ያስለዋል።»

እናቱ አምስት ዓመት ሲሞላው ጥላቸው ሄዳለች። ያሳደገው በኢንቾን ከተማ ዓሣ ገበያ በረዶና ሣጥን የሚሸከመው አባቱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቦንግ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ልጁን አስቀርቶ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ያስተምረው ጀመር፤ እርጥበት ያለበት ግድግዳ እንዴት በእጅ መዳፍ እንደሚታወቅ፣ ከወረቀቱ ሥር ሙቀት የሚይዝ ስፖንጅ መሳይ ንጣፍ እንዴት እንደሚለጠፍ። ይህ ለፈተናው አይጠቅምም። ቦንግ ግን ደስ ይለው ነበር። አንዳንዴ ቤቱ ገብቶ እራት ሲበላ ሚስቱ ሳትጠይቀው ስለ ልጁ ያወራ ነበር።

በየካቲት የወላጆች ቀን ሆነና አባትየው መጣ። ፒዮ ጊልሱ ቀጠን ያለ፣ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ነው። የለበሰው ኮት የሌላ ሰው መሆኑ ከእጅጌው ርዝመት ያስታውቃል። ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ሽታዬን ይቅር ይበሉኝ መምህር» አለ። «ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ዓሣው ግን አይለቅም።»

«እኔም ሙጫ ነው የምሸተው» አለ ቦንግ። «ይግቡ።»

ሃንሶል የሠራውን ክፍል አሳየው። ቀለል ያለ አረንጓዴ መስመር ያለው ወረቀት ነበር። አባትየው ገባ፤ በሦስቱ ግድግዳ መካከል ቆሞ ዞር ዞር አለ። ሊነካው እጁን ዘረጋና መዳፉን አይቶ ተወው፤ በረዶና ገመድ ያሻከረው መዳፍ ነው። እጁን ገልብጦ በጀርባው ወረቀቱን ዳሰሰ።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ አባዬ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን ነው አባዬ።»

ሰውየው ወደ ቦንግ ዞረ። «እጁ ይሠራል?»

«ከኔ ይሻላል» አለ ቦንግ። ለማስደሰት ያለው አልነበረም።

አባትየው ሊመልስ ሲል ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነበር። ሃንሶል ጀርባውን ደገፍ አድርጎ እስኪያልፍለት ድረስ መሬት መሬቱን አየ።

የሙያ ፈተናው የተቆረጠው ለሚያዝያ መጨረሻ ነው። ፈታኞች ከውጭ መጥተው እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ይፈትናሉ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ባለፈው ዓመት ከቦንግ ክፍል የተፈተኑት አራት ልጆች ሁሉም ወድቀዋል። የሥልጠና ክፍል ኃላፊዋ ናም ሚዪዮን በክረምቱ ጠርታው፣ በዚህኛው ዓመትም የሚያልፍ ከሌለ ወርክሾፑ ተዘግቶ ቦታው ለዳቦ ጋገራ እንደሚሰጥ ነግራዋለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የበላዮቿ ያሏትን ነው የነገረችው። ቦንግ ይህንን ለልጆቹ አልነገረም። ዘንድሮ ከሚቀመጡት ሦስት ልጆች ሁለቱ፣ ዱጂን ጭምር፣ እንደማያልፉ ያውቅ ነበር። ተስፋው ሃንሶል ነው።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ከኢንቾን ስልክ ተደወለ። ፒዮ ጊልሱ ገበያ መሀል ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል፤ የሳንባ ምች ነው። ሃንሶል በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ቦንግ መጣ። ብሩሽ አልያዘም፣ ሽርጥ አልታጠቀም።

«መምህር፣ ፈቃድ ልጠይቅ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ምን አሉ ሐኪሞቹ?»

«አላውቅም። ያነጋገሩት የቢሮ ሰዎቹን ነው። ሦስት ቀን ይፈቀዳል ይላሉ፣ አስተማሪ ከፈረመ። ይፈርሙልኛል?»

ቦንግ «እዚሁ ጠብቀኝ» አለው። ወደ ናም ቢሮ ሄደ። ናም ወደ ሆስፒታሉ ደውላ ነበር። ነርሷ፣ ኦክስጅን ተሰክቶለታል፣ ዛሬ ከትናንት ይሻላል፣ ያወራል፣ ብላታለች።

«ሕጉ ይፈቅዳል» አለች ናም። «ግን ዳይሬክተሩ ያመነታሉ። ጠባቂ ሁለት፣ መኪና አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ልምምዱ ይቋረጣል። ልጁ እዚያ ደርሶ ልቡ ተሰብሮ ቢመጣ ፈተናውን አይሠራውም። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። እርስዎ ያስፈልገዋል ካሉ እኔ አስፈርማለሁ።»

ቦንግ በኋላ ይህችን ደቂቃ ደጋግሞ አስቧታል። ስለ ልጁ ያሰበው እውነት ነበር። ቀጣዩ ፈተና በጥቅምት ነው፤ ሃንሶል የሚፈታው በመስከረም። ያለ ምስክር ወረቀት ከወጣ ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? ነገር ግን ስለ ወርክሾፑም አስቧል። ስለ ራሱም። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚጠራው ሥራ የለም። የትኛው ሐሳብ የትኛውን እንደጎተተ ያን ጊዜ መለየት አልቻለም። ከዚያ በኋላም አልቻለም።

ተመልሶ ሲመጣ ልጁ እዚያው ቆሟል።

«ሃንሶል» አለው፣ «አባትህ ዛሬ ይሻላቸዋል። እያወሩ ነው። ከፈተናው በኋላ ትሄዳለህ። ባዶ እጅህን ከምትሄድ፣ 'አልፌያለሁ' ብለህ ብትነግራቸው ከመድኃኒት ይበልጣል። ዘጠኝ ቀን ነው።»

ልጁ ረጅም ጊዜ አየው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጅ ትልቅ ሰውን የሚያይበት አስተያየት ነበር፤ ይህ ሰው ያውቃል፣ የሚል።

«እርስዎ ካሉ» አለና ሽርጡን ሊያመጣ ሄደ።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሃንሶል ሁለት ጊዜ በስልክ ከአባቱ ጋር ተነጋገረ። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ነበር። ሁለተኛው ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ አባትየው ትንፋሽ አጠረው። «ምን አሉህ?» ብሎ ቦንግ ሲጠይቀው፣ «መቼ ነው የምትመጣው አለኝ» አለ ሃንሶል። «ሐሙስ ፈተና ነው፣ ዐርብ እመጣለሁ አልኩት። እሺ፣ እጅህን እንዳትቆርጥ አለኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ልጆች ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ገቡ። ሁለት ፈታኞች ወረቀት ይዘው በመካከላቸው ይመላለሳሉ። አስተማሪ መግባት ክልክል ስለሆነ ቦንግ ኮሪደሩ ላይ፣ በበሩ መስታወት በኩል ያያል። ዱጂን ገና ከጅምሩ የጣሪያውን ወረቀት አዛብቶ ለጥፎ ከራሱ ጋር ያወራል። ሃንሶል ቱንቢውን ሰቅሎ ክሩ እስኪረጋ ይጠብቃል።

አራት ሰዓት ሲሆን ናም በኮሪደሩ መጣች። አረማመዷን አይቶ ነገሩን አወቀው።

«ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው ያረፉት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁን ነው የደወሉት።»

ቦንግ ወደ መስታወቱ ዞረ።

«ላስወጣው?» አለች። «ምን ይሻላል መምህር? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

በመስታወቱ ውስጥ ሃንሶል መሰላሉ ላይ ነው። የመስኮቱን ዙሪያ እየቆረጠ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ቦታ። ምላጩ በማዕዘኑ ላይ ሲሄድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሁለት ሰዓት ገደማ ቀርቶታል።

«ሞተዋል» አለ ቦንግ። «አሁን ቢወጣም አይደርስላቸውም። ይጨርስ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ይጨርስ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ አየው። መቀመጫ ነበር፤ አልተቀመጠም። ልጁ አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ በመስታወቱ ሲያየው ፈገግ አለ፤ ቦንግ በቆይታቸው ሁሉ የልጁን ፈገግታ ያየው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ቦንግም መልሶ ፈገግ አለ። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው ነገር የለም።

ፈተናው አልቆ ምላጮቹ ሲቆጠሩ ሃንሶል ወጣ። ክርኑ ድረስ ሙጫ ነው።

«መምህር፣ የመስኮቱ ራስጌ ላይ ትንሽ...» ብሎ ጀምሮ ናምን ከጎኑ አየና አቆመ።

ቦንግ ነገረው። በምን ቃል እንደነገረው በኋላ ሊያስታውሰው አልቻለም።

ልጁ አላለቀሰም። «መቼ?» አለ።

«ዛሬ ጠዋት። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

ናም ልትመልስ አፏን ከፈተች። ቦንግ ቀደማት። «አራት ሰዓት ላይ።»

ሃንሶል ወደ በሩ መስታወት አየ፤ ከዚያ ወደ ቦንግ። አንድ ነገር በልቡ ሲያሰላ ይታይ ነበር። ከዚያ እጆቹን አያቸው። «እጄን ልታጠብ» አለና ወደ ቧንቧው ሄደ። ብዙ ቆየ። ሙጫው ከለቀቀ በኋላም ውሃው ሲወርድ ይሰማ ነበር።

የሐዘን አዳራሹ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ነበር፤ ከሁሉም ትንሹ ክፍል። ቦንግ ዐርብ ከሰዓት ሲደርስ ሃንሶል ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ክንዱ ላይ የሐዘንተኛ ምልክት አስሮ፣ በፎቶው አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ሲቪል የለበሱ ሁለት ጠባቂዎች ጥግ ላይ ቀይ የሥጋ ሾርባ ይበላሉ። ፎቶው ከመታወቂያ ላይ የተነሣ ነው፤ ሰውየው ፎቶ አንሺው ያስቸገረው ይመስላል። ቦንግ ዕጣን ለኩሶ ሁለት ጊዜ በግንባሩ ተደፋ፤ ከዚያ ለልጁ ሰገደ። ልጁም ሰገደለት። ወጉን አጓደለ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ዓይኑ ብቻ ከቦንግ ትከሻ በላይ ነበር።

ከገበያው የመጡ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሶጁ የሚባለውን አረቄ ይጠጣሉ። ከመካከላቸው አፈ ቀላሉ ለቦንግ ቀዳለት።

«እርስዎ የልጁ አስተማሪ ነዎት? እንዴ፣ ጊልሱ እኮ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነበር። 'አስተማሪው ከኔ ይሻላል ብሎታል' እያለ አሰለቸን። ዓሣ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ግድግዳችሁ አርጅቶ እንደሆነ ልጄ በመስከረም ይወጣል፣ ይላል።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ የሐዘን ቤት ሳቅ። ሰውየው ጽዋውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰኞ ሄጄ ጠይቄው ነበር። ልጄ ዐርብ ይመጣል፣ አለኝ። ረቡዕ ግን ቀኑ ጠፋበት መሰለኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ነርስ ናት። ደግሞ ይከፈታል፣ ደግሞ ቀና ይላል። አይደለም ጊልሱ፣ ዐርብ ነው እኮ፣ አልኩት። አዎ ዐርብ፣ አለኝ። በሩ ሲከፈት ግን ያው ነው።»

ቦንግ ጽዋውን ሳይቀምስ አስቀመጠው። ሰውየው የሚያወራው ለማን እንደሆነ አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ አይናገርም ነበር፤ ደግ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በከተማው የአመድ ማኖሪያ ገባ። የልጁ ፈቃድ የሚያልቀው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጠባቂዎቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ ሃንሶል ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦንግን አነጋገረው።

«ቤቱን ሰኞ ባለቤቷ ትረከባለች። ዕቃውን ማውጣት አለብኝ። ግድግዳውን ልሠራው እፈልጋለሁ።»

«ልጄ፣ የቀረህ ሰባት ሰዓት ነው። ያ ግድግዳ ሁለት ቀን መድረቅ አለበት።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ቦንግ ወደ ናም ደወለ። ናም፣ «ጠባቂዎቹን ስጠኝ» አለች፤ አንተ ብላ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቦንግ ከመኪናው ኋላ የራሱን ዕቃ ይዞ ነበር። ለምን ይዞ እንደመጣ ራሱን አልጠየቀም። መንገድ ላይ ከሚያውቀው ሱቅ ስድስት ጥቅል ነጣ ያለ ወረቀትና ንጣፉን ገዛ።

ክፍሉ ሰባት ደረጃ ወርዶ ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ የሩዝ ማብሰያ፣ የኑድል ካርቶን። ቁም ሣጥኑን ሲያነሡት ከጀርባው ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ትከሻ ድረስ ጥቁር ነው። አንደኛው ጠባቂ ጃኬቱን አውልቆ ሳይጠየቅ ፍራሹን አወጣ።

የቤቱ ባለቤት ሁካታውን ከላይ ሰምታ በደረጃው ወረደች። ወፍራም፣ የፀጉር መጠቅለያ ያልፈታች ሴት።

«ይሄን ማን አዘዛችሁ? እኔ ለግድግዳ የምሰጠው የለኝም።»

«ምንም አይሰጡም፣ እትዬ» አለ ሃንሶል አሮጌውን ወረቀት እየላጠ። «ዛሬ ማታ እንሄዳለን።»

ሴትዮዋ ልጁን አየችው፣ ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት አየች። ወደ ላይ ወጣችና በኋላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና አንድ ቬንትሌተር ይዛ ተመለሰች። «በእነዚህ ይደርቅ እንደሆነ» ብላ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በበረኪና አጠቡ። ማሞቂያውን ከፊቱ አስጠግተው ለሁለት ሰዓት ነፋስና ሙቀት ሰጡት። ንጣፉን ለጠፉ፣ ከዚያ ወረቀቱን። ቦንግ መሰላል መውጣት ስለማይችል ከታች ሙጫ ቀብቶ ያቀብላል፣ ልጁ ይለጥፋል። ለሠላሳ አራት ዓመት ሌሎች ለእሱ እንዳቀበሉት ነው ያቀበለው። የሚለዋወጡት ቃል «ያዙት»፣ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «ቢላ» ብቻ ነበር። ድሮ በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያስቀምጣት የነበረችው «መምህር» የምትለዋ ቃል አንድ ጊዜም ከልጁ አፍ አልወጣችም። ቦንግ ይጠብቃት እንደነበር ያወቀው ስትቀር ነው።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨረሱ። ክፍሉ ጠቦ የነበረው የሰፋ መሰለ። ሃንሶል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ወደ በሩ አስደገፈ።

«የዝናቡ ወር ሲመጣ ይመለሳል» አለ፤ ሻጋታውን ማለቱ ነው።

«ይመለሳል» አለ ቦንግ። «ለአንድ ዓመት ይይዝ ይሆናል።»

በመስኮቱ የሰው ጫማ አለፈ፤ የሴት ጫማ፣ ከዚያ የልጅ።

«ያን ቀን ብሄድ ኖሮ ያውቀኝ ነበር?»

ቦንግ የሚያጽናና ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አላወጣትም።

«ያውቅህ ነበር» አለ። «ሃንሶል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይደለም ማለቱ አልታወቀም። ከዚያ ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ አለቀሰ። ጠባቂው ደረጃው ላይ ፊቱን አዞረ። ቦንግ እጁን ሊያሳርፍበት ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

የፈተናው ውጤት በግንቦት መጣ። ሃንሶል በዚያ ዙር ከተፈተኑት ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ አግኝቷል። ዳይሬክተሩ በልጆቹ ፊት የምስክር ወረቀቱን ሰጡት፤ ተጨበጨበ። ወርክሾፑ አልተዘጋም። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ በዚያው ቀን ለናም፣ «እዚህ ይቀመጥልኝ» ብሎ ሰጣት። በቀሩት ወራት ሥራውን አላጓደለም፣ ለአዳዲሶቹ ልጆች ሙጫ ማማሰል አስተማረ፣ ቦንግ ለጠየቀው ሁሉ መለሰ። ከተጠየቀው በላይ ግን አንድ ቃል አልጨመረም።

በመስከረም ወጣ። ቦንግ በሱወን ከተማ የወረቀት ለጣፊዎች ቡድን ለሚመራው ለቀድሞ ባልደረባው ለዮም አስረከበው። «እጁ ወርቅ ነው» አለው ቦንግ። «አታጣድፈው፣ ራሱ ይፈጥናል።» በር ላይ ሲለያዩ ሃንሶል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «ብዙ ደክመዋል፤ ደህና ይሁኑ» አለ። ሌላ ነገር አልነበረም።

በዚያ ጥቅምት፣ ከሁለተኛው ዙር ፈተና አራት ቀን በፊት፣ የዱጂን አያት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ የሚል ስልክ መጣ። ቦንግ ነርስ አላነጋገረም፣ ልጁንም አልጠየቀም። ወደ ናም ቢሮ በሚያመው ጉልበቱ ሮጦ ፈረመ፤ ዱጂን በዚያው ምሽት ተላከ። ፈተናው አመለጠው። ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

«እግራቸው ወለም ብሎ እኮ ነው! ራሳቸው ሲያዩኝ 'ምን ልትሠራ መጣህ፣ ፈተናህስ?' ብለው በትራስ መቱኝ። ስድስት ወር ተለማምጄ! ምነው መምህር፣ ቢያንስ እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ልጁ እውነቱን ነበር።

ዮም በተከታዩ ግንቦት ደወለ። ከሰላምታ በኋላ ትንሽ ተንተባተበና፣ «ልጅህ ሄደ» አለ።

«የት?»

«አልተናገረም። ሰኞ አልመጣም። አልጋው ተነጥፏል፣ የኔ ዕቃ ታጥቦ ተደርድሯል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞክፖ የሚል ወሬ ከአንዱ ሠራተኛ ሰምቻለሁ። ጠብ አልነበረንም፣ ቾንግሱ። ጥሩ ልጅ ነው። ብቻ ሰው ቤት ስንሠራ፣ አዛውንት ያሉበት ቤት ከሆነ፣ ምሳ እንኳ አብሯቸው አይበላም። ወጥቶ ደረጃ ላይ ይቀመጣል።»

ቦንግ ስልኩን ዘግቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ያኔ ቦንግ ቤት በገባ ቁጥር ስለ ልጁ ስትሰማ የኖረች ናት። ከዓመት በፊት የሆነውንም ሁሉ ታውቃለች፤ አንድም ቀን ፈርዳበት አታውቅም። «ወጣት ነው» አለች። «ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ።» ግን ወደ ማጠቢያው ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

የሃንሶልን ቁጥር ዮም ሰጥቶት ነበር። ቦንግ እሑድ ጠዋት ጠዋት፣ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ፣ ይደውል ጀመር። መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ ማንም አያነሳውም። በሰኔ የሴት ድምፅ፣ የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም፣ ማለት ጀመረ። ሙሉውን እስከ መጨረሻው ያዳምጣታል፣ ከዚያ ይዘጋል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ ደወለ። ከዚያ ተወው።